ሉላዊነት ከጅማ ሲታይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪውም፣ ቡና አቅራቢውም፣ ጎረቤትም ደጋግሞ የሚጠይቃቸውን ሰብስቤ መለስኩ፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉላዊነት ምንድን ነው? ግሎባላይዜሽን ከሚሉት ይለያል?

አንድ ናቸው። «ሉላዊነት» የመጽሐፍና የዜና ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ ሰው አፍ ላይ ያለው «ግሎባላይዜሽን» ነው። ዕቃ፣ ገንዘብ፣ ሰው፣ ሐሳብ፣ በሽታም ሳይቀር ድንበር እየተሻገረ መመላለሱ በዝቶ፣ አንድ አገር ላይ የሆነው ነገር የሌላውን አገር ሰው ኪስና ጓዳ የሚነካበት ሂደት ነው።

ለጅማ ሰው ከዚህ በላይ ትርጉም ማብዛት አያስፈልግም። በ1975 የብራዚልን የቡና እርሻ ከባድ ውርጭ መታው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር አለፈ። በጅማ ዙሪያ ባሉት በጎማና በጌራ የተለቀመ ቡናም ወደብ ደርሶ የተሸጠው በዚያ ዋጋ ሂሳብ ነው፤ እዚህ ያለ ሰው ባልበረደው ብርድ ማለት ነው።

መቼ ጀመረ?

እንደ ቆጣሪው ነው። ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት ከ1492 የሚጀምሩ አሉ። ብዙ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል የሚሉት ከ1870 እስከ 1914 ያለውን ዘመን ነው። የእንፋሎት መርከብ፣ ቴሌግራፍ፣ በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ የዚያ ዘመን ናቸው። አንደኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። ሁለተኛው ሊያበቃ ሲል በ1944 ብሬተን ውድስ ላይ የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ ተጠነሰሱ፤ በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ2001 ቻይና አባል ሆነች።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ግን በ1956 ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ የተጓዘችውን የመጀመሪያዋን ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ነው። ከዚያ በፊት ወደብ ላይ ዕቃ የሚጫነውና የሚወርደው በሰው ጫንቃ ነበር፤ ቀናት ይፈጃል፣ ስርቆትም አለበት። የማጓጓዣው ወጪ እንዲህ ባይወርድ ኖሮ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ባልዲ ጅማ መርካቶ ላይ ከእንስራ ረክሶ ባልተሸጠ ነበር።

ስምምነትና መርከብ ለማያሳምነው ሰው ደግሞ ቋንቋችን ማስረጃ አለው። ከሩቅ የመጣን ነገር አማርኛ «ባሕር» እያለ ይመዘግባል። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ። ከአሜሪካ ምድር የመጣውን በቆሎ የባሕር ማሽላ የሚሉት አሉ። ቃሪያና በርበሬም መነሻቸው እዚያው አሜሪካ ነው፤ ድንችን ደግሞ በ1850ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ያለ በርበሬ ወጥ ምን ይመስል እንደነበር እስቲ አስቡት።

ጅማ ከዓለም ገበያ ጋር የተገናኘችው በቅርቡ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ጅማ ከተማ ከመሆኗ በፊት ገበያ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አገር ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የሚባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ ሰው የሚጎርፍበት ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከዚህ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና ቡና ጭኖ በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርዳል። ሲመለስ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይዞ ይገባል። ዝባዱ የባሕር ማዶ ሽቶ ሠሪዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። እስልምናም ወደ ጊቤ በብዛት የገባው የነጋዴውን እግር ተከትሎ ነው።

ገንዘቡን ተመልከቱ። ሂርማታ ላይ ከአሞሌው ጎን የሚዘዋወረው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ኦስትሪያ ውስጥ የተቀረጸ፣ በ1780 የሞተች ንግሥት ምስል ያለበት። ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ብር በዚያው በ1780 ቀን እየተቀረጸ ይመጣ ነበር፤ የእኛ ነጋዴ ሌላ አልቀበልም ስላለ። ዛሬ «ዶላር ከሌለ» የሚባለው ያኔም ነበር ማለት ነው።

ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ይህን ንግድ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው ጅማን ራስ ገዝ አድርገው ያቆዩት፣ ነጋዴ የሚፈልገው ሰላም መሆኑ ስለገባቸው ጭምር ነው። ጎረቤታቸው ከፋ ግን ተዋግቶ በ1897 ተሸነፈ፤ ገበያውም ሕዝቡም ክፉኛ ተጎዳ።

የሂርማታ ንግድ ሲወደስ የባሪያ ንግዱ ለምን አይነሳም?

መነሳት አለበት። በዚያ ገበያ ከሚሸጡት ውስጥ ሰው ነበረበት። የጊቤና የአካባቢው ሕዝብ ልጆች ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ተሸጠዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ አካባቢ ለዚህ ንግድ ዋና ምንጭ ከሆኑት አንዱ ነበር። ሻጩም፣ ቀረጥ ተቀባዩም የአገር ሰው ነው።

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንድታስቀር ግዴታ ገብታለች፤ ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ሉላዊነት ባሪያውንም ሸጦ፣ ሽያጩንም እንዲቀር ገፍቶ ያውቃል። ስለ አባ ጅፋር ዘመን ብልጽግና የሚያወራ ጽሑፍ ይህን ከዘለለ ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ጅማን ከዓለም ያገናኛት ጣሊያን ነው የሚባለው እውነት ነው?

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር ማዕከል አድርጎ መንገድ አወጣ፣ ሕንፃ ሠራ፤ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ግን የሠራው ገበያ ወዳለበት ነው። ሂርማታ መርካቶ የሚባለውን ሰፈር ስም ልብ በሉ፤ ፊተኛው ቃል የአሮጌው ገበያ ስም፣ ኋለኛው የጣሊያንኛው «ገበያ» ነው። ጋራዥ ገብታችሁ ካቻቢቴና ቡሎን ስትጠሩ፣ ፌርማታ ላይ ታክሲ ስትጠብቁ ጣሊያን ምን ጥሎ እንደሄደ ትሰማላችሁ።

ቡና ከእኛ ከሄደ ብራዚል እንዴት በለጠችን?

አረቢካ ቡና የእነዚህ ጫካዎች ልጅ ነው። ከዚህ ወደ የመን ተሻገረ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት ይጠጡት ነበር። የመን ለረጅም ጊዜ በሞካ ወደብ በኩል ብቻዋን ሸጠችው። ሆላንዶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃቫ ላይ ተከሉት፤ በ1706 አንድ ችግኝ አምስተርዳም ገባ፤ በ1714 ከዚያ ዘር ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተሰጠ፤ ብራዚል የደረሰው በ1727 ነው። እንግዲህ የላቲን አሜሪካ ቡና በአብዛኛው የጥቂት ዛፎች ዘር ነው። እዚህ ጫካ ውስጥ ያለው የዘር ዓይነት እዚያ የለም።

ብራዚል የበለጠችን በሰፊ መሬትና በነፃ ጉልበት ነው። እስከ 1888 ድረስ የብራዚልን ቡና የተከለውና የለቀመው በአብዛኛው ከአፍሪካ የተወሰደ ባሪያና ልጁ ነበር። ቡናውም ለቃሚውም ከአፍሪካ ሄዶ ትርፉ ሌላ ቦታ ቀረ። ዛሬ ደግሞ ሜዳ ላይ በማሽን ይለቅማሉ፤ ከዓለም ቡና ሲሶ ያህሉ የእነሱ ነው። የእኛ ገበሬ በጥላ ዛፍ ሥር፣ ተዳፋት ላይ፣ በእጁ ነው የሚለቅመው። በብዛት ልንወዳደር አንችልም፤ ይህን አምኖ መነሳት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ዘሩ ግን አሁንም እኛ ዘንድ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ መልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያገኘው ከራሳችን ጫካ መርጦ ነው። ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው እነዚያ ናቸው። ተቃራኒውም አለ፦ በ1930ዎቹ ከጌሻ ጫካ የተወሰደ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 ተራ ቡና ከ1 ዶላር በታች እየተሸጠ እሱ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር አወጣ። ስሙን እንኳ አልቀየሩለትም፤ ገንዘቡ ግን ጌሻ አልመጣም።

ኒውዮርክ ላይ ያለ ሰው የአጋሮን ቡና ዋጋ እንዴት ይወስናል?

ኒውዮርክ ላይ የሚሸጠው ወደፊት የሚረከቡት የታጠበ አረቢካ ውል ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ይህን ወደ እኛ ብትቀይሩት 17 ቶን ይሆናል፤ በ17 ኪሎ ሂሳብ 1,000 ፈረሱላ ገደማ። (ፈረሱላ ራሱ የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መለኪያ ነው፤ በየመንም በዛንዚባርም ይመዘንበት ነበር። የአገር ቤት ቃል የሚመስለው ስንቱ ነው!) እዚያ ከሚገዙትና ከሚሸጡት ብዙዎቹ አንድ ፍሬ ቡና ሳይነኩ ይውላሉ። የእኛ ላኪ ከውጭ ገዢ ጋር ሲዋዋል በዚያ ዋጋ ላይ እንደ ቡናው ደረጃና ስም ይጨመርለታል ወይም ይቀነስበታል።

አንድ ፈረሱላ 37 ፓውንድ ተኩል ያህል ነው። በ2001 የዓለም ዋጋ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ፈረሱላው 19 ዶላር አይሞላም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከ4 ዶላር ሲያልፍ ያው ፈረሱላ 150 ዶላር ነበር። ቡናው አንድ ዓይነት፣ ድካሙ አንድ ዓይነት።

ለምን እንዲህ ይዋዥቃል? ከ1962 ጀምሮ አምራችና ገዢ አገሮች በኮታ የሚመሩበት ስምምነት ነበር። በሐምሌ 1989 ኮታው ፈረሰ፤ ዋጋው ወዲያው ወረደ። በዚያ ላይ ቬትናም በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዓለም ሁለተኛ አምራች ሆነች። ያኔ ጫትን በቡና ማሳ የተከሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሲወቀሱ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ፍርዱን ለመስጠት እቸገራለሁ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በዕለቱ እጅ ላይ ነው።

የዓለም ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ጋር ለምን አይደርስም?

ይደርሳል፤ ዘግይቶና ተቆራርጦ። ከገበሬው እስከ ጠጪው ሰብሳቢ፣ አቅራቢ፣ ላኪ፣ አስመጪ፣ ቆልቶ ሻጭና ካፌ አሉ፤ ሁሉም ድርሻውን ቀድሞ ያነሳል። ዋጋ ሲወርድ ወሬው በስልክ በአንድ ቀን ማሳ ይደርሳል፤ ሲወጣ ግን «ገና አልሰማንም» ይባላል። በ2000 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በአደባባይ ማሳየት ጀመረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል የየቀበሌው ቡና በደረጃ ተደባልቆ ስለሚሸጥ የማን ማሳ እንደሆነ የሚያውቅ ገዢ ጠፋ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ለውጥ ነው ምንጩን ጠብቆ በቀጥታ መሸጥ እየተፈቀደ የመጣው።

ትልቁ ምክንያት ግን የክረምት ገንዘብ ነው። አጎቴ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የልጆች መመዝገቢያና የማዳበሪያ ዕዳ ሲደራረብበት ቡናውን ገና ዛፍ ላይ እያለ ሸጠው። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ በችግር ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ እሱ ብቻ ነው። በየካቲት ዋጋው ጣራ ሲነካ ግን አጎቴ ወሬውን የሰማው በባዶ ጎተራ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ኒውዮርክ የለም፤ በሰኔና በነሐሴ በአግባቡ የሚያበድር ማኅበር ያስፈልጋል።

«ጅማ 5» ለምን ርካሽ ሆነ? ቡናችን መጥፎ ነው?

ቡናው መጥፎ አይደለም፤ አያያዙ ነው። «ጅማ 5» በዓለም ገበያ ያልታጠበ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ተራ ደረጃ ስም ነው። የበሰለውም ጥሬውም አንድ ላይ ተሟጦ ሲለቀም፣ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ዝናብ ሲነካውና ሲቆይ የአፈር ጣዕም ይይዛል። ከብዙ ወረዳ ተሰብስቦ ይቀላቀልና የከተማችንን ስም ለጥፎ ይወጣል። ውጭ አገር ያለ ቡና ቆልቶ ሻጭ «ጅማ» ሲባል የሚመጣለት ርካሽ ማደባለቂያ ነው።

እዚያው ተመሳሳይ ዛፍ ላይ ቀይ እሸቱ ብቻ ተለቅሞ፣ በዕለቱ ተፈልፍሎ ታጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ ሌላ ቡና ይሆናል። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ይህን አድርገው በልዩ ቡና ዋጋ ሸጠዋል። የሚገርመው ብዙዎቹ የሚሸጡት በቀበሌያቸው፣ በማኅበራቸው ወይም በሊሙ ስም ነው፤ «ጅማ» የሚለውን ቢቻል አያነሱትም። መንግሥት በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት ለማድረግ ሲያመለክትና በ2007 ከስታርባክስ ጋር ሲስማማም ጅማ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም። የተበላሸ ስም ማስመዝገብ ማን ይፈልጋል? እኛው ያበላሸነው ነውና እኛው ነን የምናጥበው፤ ቃል በቃል።

ለምን ቆልተን አንልክም?

ሁሉም የሚጠይቀው ነው፤ «ቀረጥ ከለከለን» የሚለው መልስ ግን ለእኛ አይሠራም። አውሮፓ ከድሃ አገሮች የተቆላ ቡናን ያለ ቀረጥ ያስገባል። ችግሩ ሌላ ነው። ጥሬ ቡና ወራት ይቆያል፤ የተቆላ ግን በሳምንታት ውስጥ ሽታውን ያጣል፣ ከጅማ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በባሕር እስኪደርስም ጊዜ ያልቃል። ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲበዛ መርከቦች አፍሪካን ዞረው እንደሄዱ አይተናል። ትልልቆቹ ቡና ቆልተው ሻጮች ደግሞ የብራዚሉን፣ የቬትናሙንና የእኛን ቀላቅለው ነው የሚሸጡት። ጀርመን አንድ የቡና ዛፍ ሳይኖራት የተቆላ ቡና በብዛት ለውጭ የምትሸጠው ለዚህ ነው።

ለጎረቤት አገር፣ ለዓረብ አገርና ለውጭ ነዋሪው በአውሮፕላን በትንሽ በትንሹ መሸጥ ግን ይቻላል፤ የጀመሩም አሉ። አዋጅ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የሚጠይቀው ጥሩ ማሸጊያ፣ ታማኝነትና ትዕግሥት ነው።

ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የጅማ ሰው ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ?

ሁለቱም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቡና ያለው ሰው በብር የሚያገኘው ጨመረ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው ግን ያው ደመወዝ ይዘው ዘይትና መድኃኒት በአዲሱ ዋጋ ገዙ። ገበሬውም ማዳበሪያ ሊገዛ ሲሄድ ያገኘውን ግማሽ መልሶ ሰጠ።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉድ ነው። አንዳንድ ላኪ ቡናን ውጭ ከሚሸጥበት በላይ እዚህ ገዝቶ በኪሳራ ይልክ ነበር፤ በሚያገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን ስለሚያካክስ። ቡናው የዶላር ማውጫ ቁልፍ ሆነ እንጂ እንደ ቡና የሚነግድበት አልነበረም። ቡና ብቻ ይዞ የሚሠራው ነጋዴ በዚህ ስንት ጊዜ ወደቀ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ የታሰበውን ያህል ለምን ሥራ አልፈጠረም?

የጅማው ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ የመሰል ፓርኮች ስሌት በአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ በአጎዋ ላይ የቆመ ነበር። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ከዚያ ተሰረዘች። ስፌት ፋብሪካ ደግሞ እንደ ቡና ዛፍ ሥር የለውም፤ ቀረጥ ሲመጣ ሌላ አገር ይሄዳል።

ሉላዊነት ባህላችንን እያጠፋው ነው?

ረከቦቱን አቅርቡትና እንነጋገር። «ሲኒ» የሚለው ቃል በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ ገበታው መሃል ያለችው ዕቃ ከጥንትም የቻይና ስም ይዛ ነው የመጣችው፤ ዛሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነትም ቻይና ተሠርታ ነው። ፈንዲሻው ከአሜሪካ የመጣው በቆሎ ነው። በረካ የዓረብኛ ቃል ነው። ጀበናም እንደዚያው። በሰሜኑ የክርስቲያን አገር ደግሞ ቡና መጠጣት በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የእስላም መጠጥ ተብሎ የሚሸሽ ነበር። የራሳችን የምንለው ሥርዓት እንዲህ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ የራሳችን መሆኑ ግን አይቀነስም።

የምሰጋው ሌላውን ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው በደስታ ተናወጠ። ዛሬ ግን ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ክለብ ሲጫወት ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ሲጠፋ፣ የከተማውን ክለብ አሰላለፍ ንገሩን ቢባል ሦስት ስም የሚጠራ ወጣት ብርቅ ነው። ይህ የገንዘብና የካሜራ ኃይል ነው፤ በስብከት የሚመለስ አይመስለኝም።

በሽታም በሉላዊነት ይቆጠራል?

በጣም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ከሕንድ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የተከተለው ከዚያ ነው። በሽታው አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። በ1918 የኅዳር በሽታ የምንለው ያኔ ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ግን ያው የከብት ደስታ በሽታ በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ያጠፋው አገሮች በጋራ ያካሄዱት የክትባት ዘመቻ ነው።

አዲሱ የአውሮፓ የደን ሕግ ቡናዬን እንዳልሸጥ ይከለክለኛል?

ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ካልበቀለ አይከለክልም። ሕጉ የሚጠይቀው ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚያሳይ የካርታ ነጥብ ነው፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ የጅማ ገበሬ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ይቀራል ብሎ መተኛት ግን አይበጅም፤ ጀርመንን የመሰለ ትልቅ ገዢ ያለው እዚያው ነው።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ነጥቡን የሚመዘግበው ማን ነው? ሰብሳቢው የሃያ ገበሬ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) አንድ ጆንያ ውስጥ ከደባለቀው ነጥቡ ዋጋ የለውም። መረጃውስ የገበሬው ነው ወይስ የላኪው? ላኪው ብቻ ከያዘው ገበሬው ለሌላ ገዢ መሸጥ ሲያምረው ወረቀት የለውም። ነገሩ ፍትሕ የጎደለውም ነው፤ በጥላ ዛፍ ሥር እያበቀለ ደኑን ያቆየው በለጠ በሚባለው ደንና በጌራ ያለው ሰው ነው ዛሬ «ደን አልመነጠርኩም» ብሎ እንዲያስረዳ የሚጠየቀው። ማኅበር ውስጥ ያላችሁ፣ የማሳችሁ ነጥብ ሲወሰድ ቅጂውን ሳትቀበሉ አትለቁ።

ከዚህ ሁሉ ወጥተን በራሳችን ብንኖርስ?

በከፊል ተሞክሯል። በደርግ ዘመን ቡና በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋና በኮታ ይገዛ ነበር። የዓለም ዋጋ ሲጨምር ግብሩ ስለሚጨምር ትርፉ ማሳ አልደረሰም፤ ቡናው በኮንትሮባንድ መውጫ ፈለገ። በሩ የተዘጋው ለገበሬው እንጂ ለዋጋው አልነበረም። ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባትም ኢትዮጵያ ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ቡናችን ግን ፈቃድ ሳይጠብቅ በየዓመቱ ሄዷል።

አንድ ነገር ግን ሲረሳ አያለሁ። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን፤ በዚህ አፍሪካ ውስጥ የሚስተካከለን የለም። ኒውዮርክ ቢወርድም ቢወጣም የሚጠጣ ገዢ ቤታችን አለ። ለረጅም ዘመን ግን ለውጭ የተመደበን ደረጃ አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ስለነበር ለዚህ ገዢ የቀረበለት ምርት የተጣለው ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዤ ፈረንጅ አራዳ ከሚባለው ሰፈራችን ካለ ካፌ ገብቼ «የታጠበ የሊሙ ቡና አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ ሳቀችብኝና ማኪያቶ አመጣችልን።